የሙሴ ዓሣና የደጋው አፈር

የለጋምቦና የቦረና ሰው ዓሣን የሚያውቀው ከቆላው ነው። በበጋ ወራት በሽሎና ዓባይ ሲጎድሉ ወደ በረሃው የወረደ ሰው አንዳንድ ጊዜ ነጭ ዓሣ ወይም አምባዛ ይዞ ይወጣል፤ ከዚህ በቀር በደጋው ላይ ስለ ዓሣ እምብዛም አይወራም። እነዚህ የወንዛችን ዓሦች በአፈጣጠራቸው እንደ በግና እንደ ፍየል፣ እንደ ሰውም ናቸው፤ ቀኛቸውና ግራቸው ይተካከላል፣ አንዱ ዓይን በዚህ ወገን ሌላው በዚያ ወገን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገርለት ዓሣ ግን ከዚህ ሥርዓት የወጣ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎኑ ላይ ናቸው፤ ሌላው ጎኑ ነጭና ዓይን የለሽ ነው። ከባሕር ጠረፍ ሳይርቅ፣ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚቀላቀልበት ሥፍራ፣ በጭቃና በአሸዋ ላይ ተጋድሞ ይኖራል።

ባሕር አይቶ ለማያውቅ የአቀስታ ተማሪ እንዲህ ያለው ዓሣ ምን ያደርግለታል የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ፤ ዓሣው የሚተኛበት ጭቃ ከየት እንደ ወረደ ከታች ይነገራል። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊቃውንት ጠፍጣፋ ዓሦች ብለው በአንድ ወገን የሚመድቧቸው ዓይነቶች ከ700 ይበልጣሉ። አንዳንዱ ከመዳፍ ያነሰ ነው፤ በሰሜን አትላንቲክ የሚኖረው ሃሊቡት ግን ከ2 ሜትር በላይ ርዝመትና ከ300 ኪሎ በላይ ክብደት ሊደርስ ይችላል። እኔ የምጽፈው ሶል ስለሚባለው ነው። ስሙ የመጣው ሶሌያ ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ነጠላ ጫማ ማለት ነው፤ ዓሣውን በሥዕል ያየ ሰው ስሙን ያወጣለትን ሰው አይወቅሰውም። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ነው። ቀን በአሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ይውላል፤ ሲመሽ ተነሥቶ ትላትሎችንና ትናንሽ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረቶችን ይለቅማል። በጨለማ ዓይን ብዙ ስለማይረዳው፣ ከታች በሚውለው የራሱ ወገን ላይ እንደ ጢም ያሉ ጥቃቅን ክሮች አሉት፤ በእነርሱ ጭቃውን እየዳሰሰ ምግቡን ያገኛል።

ግብፆች ይህን ዓሣ በዓረብኛ «ሰመክ ሙሳ» ይሉታል፤ የሙሴ ዓሣ ማለት ነው። ተረቱ እንዲህ ነው፦ ሙሴ ባሕሩን በበትሩ በከፈለው ጊዜ አንድ ዓሣ በመካከሉ ተገኝቶ ነበርና እርሱም ከባሕሩ ጋር ለሁለት ተከፈለ፤ እያንዳንዱም ግማሽ ነፍስ ዘርቶ ዋኘ፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ አንድ ጎኑ ብቻ የተሟላ ሆኖ ቀረ። ይህ በኦሪትም በቁርኣንም የለም፤ የዓሣ አጥማጆች ጨዋታ ነው። ቢሆንም ለወሎ ሰው ሙሴም ቢባል ሙሳ ታሪኩ የቤት ታሪክ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ሶል ከማለት ይልቅ የሙሴ ዓሣ እያልሁ ብጽፍ ሳይሻል አይቀርም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ክርስቲያኑ የእስላም፣ እስላሙም የክርስቲያን ዕርድ አይበላም። ዓሣ ግን በእስልምና ሕግ ዕርድ አያስፈልገውም፤ በክርስቲያኑም ዘንድ ማን አረደው ተብሎ ሲጠየቅበት አልሰማሁም። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት ድንኳን ለሚተከልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቅርፊት የለውም ተብሎ አምባዛን የማይበላ ብዙ ሰው መኖሩ የታወቀ ነው፤ የሙሴ ዓሣ ግን ክንፍም ቅርፊትም ያለው ስለሆነ በዚህም አይነቀፍም።

አሁን ወደ ዓይኑ እንመለስ፤ የዚህ ዓሣ ትልቁ ነገር እርሱ ነውና።

ዓሣው ሲወለድ ጠፍጣፋ አይደለም። እናቲቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል በባሕር ውስጥ ትጥላለች። እንቁላሉ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ በጨዋማው ውኃም ላይ ይንሳፈፋል። ጨው ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ማየት የሚወድ ተማሪ አንድ የዶሮ እንቁላል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይጨምር፤ እንቁላሉ ይሰጥማል። ከዚያ በኋላ ጨው እየጨመረ ያማስለው፤ እንቁላሉ ብድግ ይላል። ከዓሣው እንቁላል የሚፈለፈለው ግልገል እንደ ማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ አንድ ዓይን በቀኝ፣ አንድ ዓይን በግራ አለው፤ ሰውነቱም እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ ርዝመቱ ገና አንድ ሳንቲሜትር ያህል ሳለ፣ የግራው ዓይን ከቦታው ይነሣል። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ እየወጣ፣ አናቱን ተሻግሮ በቀኙ ዓይን አጠገብ ይቀመጣል። ዓይኑ ብቻውን አይሄድም፤ የራስ ቅሉ አጥንት አብሮ ይጣመማል፣ አፉም ይዛባል። በዚሁ ጊዜ ግልገሉ ወደ አንድ ጎኑ ማዘንበል ይጀምራል፤ በመጨረሻም ከባሕሩ ወለል ወርዶ በግራ ጎኑ ይተኛል። ወደ ላይ የቀረው ቀኝ ጎን ይጠቁራል፤ ከታች የዋለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ለተመልካች የዓሣው ጀርባ የሚመስለው ጀርባው ሳይሆን ቀኝ ጎኑ ነው። ከዘመዶቹ መካከል፣ ቱርቦት እንደሚባለው፣ የቀኙ ዓይን ወደ ግራ የሚሻገርባቸውም አሉ።

ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ታይሮይድ ከሚባለው ዕጢ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ይህ ዕጢ በእኛም አንገት ውስጥ አለ። አዮዲን ያነሰው ሰው እንቅርት የሚያወጣው ይኸው ዕጢ ስለሚያብጥ ነው፤ በገበያ የሚሸጠው ጨው አዮዲን የሚጨመርበትም ለዚህ ነው። በክረምት በየኩሬው የምናያት ጭራ ያላት የእንቁራሪት ልጅ እግር አብቅላ፣ ጭራዋን ጥላ፣ ወደ የብስ የምትወጣው በዚሁ ሆርሞን ትእዛዝ ነው። እንግዲህ ባሕር ሳያይ የዓሣውን ነገር መረዳት የሚፈልግ ሰው ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ረግረግ እንቁራሪቶችን ይመልከት፤ ሥራው አንድ ዓይነት ነው።

የዓይኑ መዛወር በሊቃውንት መካከል ብዙ ክርክር አስነሥቶአል። ዳርዊን ፍጥረታት ጥቂት በጥቂት እየተለወጡ መጡ ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ሚቫርት የተባለ እንግሊዛዊ በ1871 ይህን ዓሣ ምስክር አድርጎ ተቃወመው። ዓይኑ ጥቂት በጥቂት ተዛወረ ከተባለ፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ዓይን ለዓሣው ምን ይረባዋል? ከታች እንዳለ ቢሆን ጭቃ ያያል፤ ወደ ላይ ደርሶ ቢሆን መልካም ነበር፤ መካከል ላይ ሆኖ ግን ከሁለቱም የለም። ጥያቄው እውነትም የሚያስቸግር ነበር። ዳርዊን በ1872 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ግልገሎቹ በጎናቸው ሲተኙ የታችኛውን ዓይን ወደ ላይ ለማየት እንደሚያስጨንቁት የታየውን ጠቅሶ መለሰለት፤ ነገር ግን መካከል ላይ የቆመ ዓይን ያለው አዋቂ ዓሣ ማንም አላሳየም ነበር። ይህ የተገኘው በ2008 ነው። ማት ፍሪድማን የተባለ ወጣት ተመራማሪ 50 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ዓሦችን መርምሮ፣ አንደኛው ዓይናቸው ወደ አናቱ የወጣ ነገር ግን ያልተሻገረ መሆኑን አስረዳ። ከድንጋዮቹ አንዱ በቪየና ሙዚየም የተቀመጠ ነበር። ከ130 ዓመት በላይ ሲፈለግ የኖረው መልስ ሰው በሠራው ቤት ውስጥ ተኝቶ መገኘቱ ያስደንቃል። መካከል ላይ ያለው ዓይንም፣ ዓሣው በክንፉ ሰውነቱን ከአሸዋው ትንሽ ከፍ ካደረገ፣ ከምንም ይሻላል።

የቆዳው ቀለም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እስስት እንደምትለወጥ እናውቃለን፤ ጠፍጣፋ ዓሦች ግን ቀለም ብቻ ሳይሆን የተኙበትን መሬት ንድፍ ጭምር ይቀዳሉ። በደቃቅ አሸዋ ላይ ሲሆኑ ነጠብጣባቸው ይደቅቃል፤ በጠጠር ላይ ሲሆኑ ይጎላል። ሰምነር የተባለ አሜሪካዊ በኢጣልያ በናፖሊ ከተማ ባደረገው ምርመራ፣ ዓሦቹን ጥቁርና ነጭ በተሣለበት ወለል ላይ እያኖረ ፎቶግራፍ አንሥቶ ውጤቱን በ1911 አሳተመ። እንደ ዳማ መጫወቻ ያለ ወለል ሲሰጣቸው አራት ማዕዘን አልሣሉም፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጩን በትልቅነቱ ልክ አመጣጥነው ለመምሰል ሞክረዋል። ዓይናቸው እንዳያይ የተደረጉት ግን መለወጥ አልቻሉም። ስለዚህ ለውጡ የሚጀምረው ከቆዳው ሳይሆን ከዓይን ነው፤ ዓይን ያያል፣ ነርቭ ያዝዛል፣ በቆዳው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶች ይሰፋሉ ወይም ይጠባሉ። 

በቀይ ባሕር የሚኖረው የሙሴ ዓሣ ከመደበቅ የበለጠ መከላከያ አለው። ቀይ ባሕር እስከ 1993 ድረስ፣ ኤርትራ ነፃ አገር እስከ ሆነችበት ዓመት፣ የኢትዮጵያም ጠረፍ ነበር፤ ምጽዋንና አሰብን የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። በዚያ ባሕር የሚገኘው ዓይነት ጀርባው ዝንጉርጉር ሲሆን፣ በክንፎቹ ሥር ከተደረደሩ ዕጢዎች እንደ ወተት ነጭ የሆነ ፈሳሽ ያወጣል። ዩጂኒ ክላርክ የተባሉ አሜሪካዊት የዓሣ ሊቅ ይህን ዓሣ በእጃቸው ሲይዙ ጣታቸውን ስለ ነዘራቸው ነገሩን መመርመር ጀመሩ። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ባደረጉት ፈተና ዓሣውን ለሻርክ አቀረቡለት። ሻርኩ አፉን ከፍቶ ዘለለ፤ ነገር ግን መንጋጋው እንደ ተከፈተ ቀረ፤ መዝጋት አቅቶት ራሱን እየነቀነቀ ሸሸ። የሙሴ ዓሣም ምንም ሳይነካው ቀረ። ዶክተር ክላርክ ይህን በ1974 ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ጽፈው ለዓለም አስታወቁ። የመርዙ ዋና ክፍል ተለይቶ ፓርዳክሲን ተባለ። ብዙ ሰዎች ዋናተኛን ከሻርክ የሚያድን መድኃኒት ተገኘ ብለው ነበር፤ ነገር ግን ፈሳሹ ቶሎ ይበላሻል፣ ብዙም አይገኝም። የሚያስቀው ነገር ሊቃውንቱ ሲመረምሩት ሥራው እንደ ሳሙና መሆኑ ነው፤ በ1984 የታተመ አንድ ጥናት ለራስ መታጠቢያ ሻምፑ የሚሆነው ንጥረ ነገር ሻርክን እንደሚያስሸሽ አሳየ። ችግሩ ሳሙናውን በሻርኩ አፍ ውስጥ የሚጨምር ደፋር መፈለጉ ላይ ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ዓሣው ነው። ጭቃውስ?

በሽሎና ወለቃ ከደቡብ ወሎ ደጋ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይገባሉ። በክረምት ውኃቸው ምን እንደሚመስል ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ቀይ ቡናማ ነው፣ ቢቀዱት ከእንስራው ሥር ደለል ይቀመጣል። ያ ደለል የማሳ አፈር ነው። ዓባይ ተሸክሞት በሱዳን በኩል ያልፋል፤ ከካርቱም በታች ከተከዜ የሚመጣው ይጨመርበታል። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከመቶው 85 ያህሉ፣ ከደለሉ ደግሞ ከመቶው 90 የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በዚያ የሚያልፈው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን ይበልጥ ነበር። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ግብፅን ጎብኝቶ፣ ጥቁሩ አፈሯ ከኢትዮጵያ በወንዝ የወረደ መሆኑን ጽፎአል። ወደ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲደርስ ወንዙ ይዝላል፤ ሸክሙንም ይጥላል። በራሺድና በድምያጥ አፍ፣ በመንዛላና በቡሩሉስ የጨው ሐይቆች ወለል የተነጠፈው ይህ ነው። የሙሴ ዓሣ ግልገሎች ከባሕር መጥተው የሚያድጉትም እንዲህ ባለው ጥልቀት በሌለውና ጨዋማና ንጹሕ ውኃ በሚቀላቀልበት ሥፍራ ነው።

ደለሉ አልጋ ብቻ አልነበረም፤ ቀለብም ነበር። በነሐሴና በመስከረም ጎርፉ ወደ ባሕሩ ሲገባ፣ ከአፈሩ የተገኘው ማዕድን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር ዕፅዋትን ያለመልማል፤ እነርሱን ጥቃቅን እንስሳት ይበላሉ፣ እነዚያን ሳርዲን፤ የሞተውና የወደቀው ሁሉ ወደ ወለሉ ወርዶ ለትሉ፣ ትሉም ለጠፍጣፋው ዓሣ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ገበሬው በለጋምቦ ከማሳው ያጣውን የግብፅ ዓሣ አጥማጅ በመረቡ ያገኘው ነበር። ይህ በቁጥር ታይቶአል። በ1964 የአስዋን ግድብ ውኃ መያዝ ሲጀምር ጎርፉ ወደ ባሕር መግባቱን አቆመ። በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን ሳርዲን ያጠመዱ የግብፅ ጠረፎች በ1968 ከ500 ቶን ያነሰ አገኙ። ባሕሩም በተራው መሬቱን ይበላ ጀመር፤ በራሺድ ጫፍ ጠረፉ በየዓመቱ በብዙ ሜትር ወደ ኋላ ሸሸ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያልተጠበቀ መንገድ ይይዛል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዓሣው ተመለሰ። ጎርፉ ግን አልተመለሰም። ያለመለመው በእርሻ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያና ከትላልቅ ከተሞች የሚወርደው ፍሳሽ መሆኑን ተመራማሪዎች አስረድተዋል። ቀድሞ የወሎና የጎጃም አፈር ይሠራው የነበረውን ዛሬ የካይሮ ቆሻሻ ይሠራዋል ማለት ነው። ለዓሣ አጥማጁ ዓሣ ዓሣ ነው፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ሳልመርጥ አልቀርም። የእኛን አፈር ማጣት ግን በዚህ ምክንያት መልካም ነበር አልልም። እርከን ሲሠሩ የዋሉ ወላጆቻችን አንድ ስንዝር አፈር ለመያዝ ስንት ድንጋይ እንደሚሸከሙ ያየ ሰው፣ በባሕር ዳርቻ ላለ ዓሣ ሲባል አፈሩ ይሂድ ሊል አይችልም። አፈሩ መሄዱ አንድ ነገር ነው፤ በሄደበት ቦታ ባክኖ አለመቅረቱ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ጉዞው አጥሮአል። በጉባ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆአል፤ ከበስተኋላው ያለው ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መያዝ ይችላል። ውኃ በሐይቅ ውስጥ ሲቆም የተሸከመውን እንደሚጥል ሁሉ፣ ከበሽሎ የሚወርደው ደለል አብዛኛው ከእንግዲህ በዚያ ይቀመጣል። በመሆኑም ከማሳችን የሚታጠበው አፈር የሌላ አገርን ዓሣ አያበላም፤ የራሳችንን ሐይቅ ይሞላል። እርከኑ ቀድሞ ለማሳው ብቻ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ለመብራቱም ይሠራል።

የሙሴ ዓሣ ወደ እኛ መምጣት አይችልም። እንቁላሉ በንጹሕ ውኃ ይሰጥማል፤ በመንገዱም ግድብና ፏፏቴ አለ። የእኛ ግን ወደ እርሱ ሄዶ ቆይቶአል። በ1980ዎቹ ዳንኤል ስታንሊ የተባሉ የስሚዝሶኒያን ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋር የናይልን ደለል ሜዳ በብዙ ሥፍራ በጥልቅ እየሰረሰሩ አውጥተው ነበር። በወጣው አፈር ውስጥ ያሉትን ከባድ ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ሲለዩ፣ ከነጭ ዓባይ የመጣውንና ከኢትዮጵያ የመጣውን መለየት ይቻላል፤ የኛው ፒሮክሲን ከሚባለው ማዕድን ይታወቃል፤ ይህም ባዛልት ከሚባለው፣ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ የሚገኝ ነው። ለሺህ ዓመታት ንብርብር ሆኖ ተከማችቶአልና ግድብ ቢሠራም አልጠፋም። በመንዛላ ሐይቅ ሲነጋ የሙሴ ዓሣ በክንፎቹ አሸዋውን ቆስቁሶ በጀርባው ላይ ይበትናል፤ ሁለት ዓይኖቹን ብቻ አውጥቶ ይተኛል፤ ከለበሰው አሸዋም ጥቁሩ ቅንጣት ከዚህ ከላይ የወረደ ነው።